ፒሲቪ ቫልቭ ሲቆሽሽ፦ ማጠብ ይሻላል ወይስ መቀየር?

መኪናዋ ዘይት መቀነስ ጀምራለች። ሚኒሞዋም (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት) ተረብሿል። ወይም መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ «ኧረ ይሄ ሞተር ዘይት ያልበዋል» ብሎዎታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሐሳቡ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፤ ከዚያም ሞተር ወደ ማውረድ። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለበት የጣት ውፍረት ያለው አንድ ዕቃ አለ። ፒሲቪ ቫልቭ ይባላል። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ «መተንፈሻ» ሲሉት ትሰማላችሁ።

ችግሩ ስለዚህ ዕቃ የሚሰጠው ምክር አለመግጠሙ ነው። አንዱ «በቤንዚን አጥበህ መልሰው» ይላል። ሌላው «ምን ያለፋሃል፣ ቀይረው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቱቦውን ነቅሎ ጫፉን ወደ መሬት መልቀቅ ነው የሚቀለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ መኪናው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው በየትኛውም የቤንዚን መኪና ልክ አይደለም።

አሁን በተለይ ጉዳዩን ቁም ነገር የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ማቆየት ግድ ሆኗል። የሞተር ዕድሜ የሚያራዝም ትንሽ ሥራ ሁሉ ዋጋ አለው።

ሥራው ምንድን ነው?

ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ጋዙ በሙሉ በማርሚታ አይወጣም። ጥቂቱ በፋሻዎቹ ጎን ሾልኮ ዘይት ወዳለበት ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል ይወርዳል። ይህ አዲስ ሞተር ላይም አለ። የሾለከው ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የውሃ እንፋሎትና አሲድ የሚፈጥሩ ነገሮች አሉበት። መውጫ ካጣ ግፊት ይሆናል። ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል።

ድሮ መኪኖች ይህን ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ መንገድ ይለቁት ነበር። ካሊፎርኒያ በጭስ ስትታፈን ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ መኪኖች ጋዙን መልሰው እንዲያቃጥሉት ተደረገ። ቀስ በቀስ ዓለም ሁሉ ተቀበለው።

ጋዙ ተመልሶ እንዲቃጠል ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር ይህ ቫልቭ ነው። ውስጡ አንዲት ተንቀሳቃሽ ብረትና አንድ ሞላ አሉ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) አጥብቆ ይስባል። ብረቷ ትሳብና ቀዳዳውን ታጠባለች፤ የሚያልፈው ጋዝ ጥቂት ይሆናል። ነዳጅ ሲረገጥ ስበቱ ይላላል፣ ሞላው ብረቷን ይመልሳታል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። እሳት ወደ ማኒፎልዱ ተመልሶ ቢተፋ ደግሞ ብረቷ መንገዱን ዘግታ ከታች ያለው ጋዝ እንዳይቀጣጠል ትከላከላለች።

ስለዚህ ቫልቩ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ምልክታቸውም ለየቅል ነው። ተዘግቶ ከቀረ ግፊት ይጠራቀማል፤ ዘይት በሚያግደው የጎማ ቀለበት በፓራዮሊዮና በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ማላብ ይጀምራል፤ የአየር ፊልትሮው ቤትም በዘይት ይርሳል። ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ ያልተለካ አየር ያገኛል። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ዘይት ተስቦ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ቼክ ኢንጂን በርቶ የምርመራ ማሽኑ ፒ0171 የሚል ኮድ ያሳያል። ይህ ኮድ ድብልቁ አየር በዝቶበታል ማለት እንጂ «ፒሲቪ ሞቷል» ማለት አይደለም። ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ግን ቫልቩንና ቱቦውን ማየት ይቀድማል።

የትኛው ምርመራ ይታመናል?

በጣም የሚታወቀው መነቅነቅ ነው። ቫልቩን ነቅሎ ጆሮ አጠገብ መነቅነቅ። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ሞቷል ይባላል። ዝም ያለውን በተመለከተ ልክ ናቸው። የሚንቀጫቀጨውን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ድምፁ የሚነግረን ብረቷ መንቀሳቀሷን ብቻ ነው። ሞላው ደክሞ እንደሆነ፣ ቀዳዳው በዝቃጭ ግማሽ ተደፍኖ እንደሆነ አይነግረንም። አንዳንድ ቫልቭ እንዲያውም ደህና ሆኖም አይንቀጫቀጭም፤ አሠራሩ እንደዚያ ስላልሆነ ነው። መነቅነቅ መጥፎውን ለመለየት ይጠቅማል፣ ጥሩውን ለማጽደቅ ግን አይበቃም።

እኔ የማምነው የንፋት ምርመራን ነው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ንጹሕ ጎማ ቱቦ በቫልቩ ጫፍ ላይ ይሰኩ። በሞተሩ በኩል በሚገባው ጫፍ ሲነፉ አየሩ በቀላሉ ማለፍ አለበት። በማኒፎልዱ በኩል ባለው ጫፍ ሲነፉ ደግሞ በጭንቅ ማለፍ አለበት። ሁለቱም በቀላሉ ካለፉ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ሁለቱም እምቢ ካሉ ተደፍኗል። አደራ፣ መንፋት እንጂ መምጠጥ የለም። ውስጡ ያለው የነዳጅና የዘይት ቅሪት ለጤና ጎጂ ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ እየሠራ የሚደረገው ነው። ቫልቩን ከቴስታታው ክዳን ላይ ነቅለው ከቱቦው ጋር እንዳለ ጫፉን በጣት ይዝጉት። ጣትዎን መሳብ አለበት። ካልሳበ ቫልቩ ወይም ቱቦው ተዘግቷል። ቱቦውን በፒንሳ በቀስታ ቆንጠጥ ማድረግም ይቻላል፤ ሚኒሞው ትንሽ ይለወጣል። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ግን ለውጡን ወዲያው ስለሚያስተካክለው ልብ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቱቦው ያረጀ ከሆነ በፒንሳ ከመቆንጠጥ ይተውት፤ ይሰነጠቃል።

አራተኛው የወረቀት ነው። የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ስስ ወረቀት አፉ ላይ ማድረግ። ከአየር ፊልትሮው በኩል ንጹሕ አየር የሚያስገባውን ሌላኛውን ቱቦ ነቅለው ቀዳዳውን ካፈኑ በኋላ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ወደ ላይ ከተገፋ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቫልቩ ተዘግቷል፣ ወይ ፋሻው ደክሞ ቫልቩ ከሚችለው በላይ ጋዝ እየሾለከ ነው። ይህ ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ቫልቭ ገብቶም ወረቀቱ አሁንም ከተገፋ፣ ገንዘብዎን በሁለተኛ ቫልቭ ላይ አያጥፉ። ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ያስለኩ።

የቫኪዩም ጌጅ (ስበት መለኪያ) ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይያዝ። የውጭ ቪዲዮዎች በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ካልታየ ሞተሩ ታሟል ይላሉ። ያ በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ 7 ወይም 8 ኢንች ከላዩ ይወርዳል ማለት ነው። ከ10 እስከ 14 የሚያሳይ ሞተር እዚህ ጤነኛ ነው። ድሬዳዋ ቢወርዱ ያው ሞተር ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። የጣቱ ምርመራም እንዲሁ ነው፦ ሸገር ላይ ስበቱ ትንሽ ቀለል ቢል አይደንግጡ።

ነጭ ቅባት ሲታይ

የዘይት ክዳኑ ውስጥ ወተት የቀላቀለ ቡና የመሰለ ቅባት ካዩ ብዙ መካኒክ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል» ይላል፤ ውኃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ጠዋት በብርድ ተነስታ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሳትሞቅ የምትቆም መኪና ላይ የውሃ እንፋሎቱ ሳይተን ክዳኑ ላይ ይቀራል። በክረምት ይብሳል። መተንፈሻው በደንብ ካልሠራ ደግሞ መውጫ ያጣል።

መለያው ቀላል ነው። በዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያው ዘንግ) ላይ ያለውን ዘይት ይዩ፤ የራዲያተሩን ውኃ ይከታተሉ። ቅባቱ ክዳኑ ላይ ብቻ ካለ፣ ዲፕስቲኩ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ፣ ውኃውም ካልቀነሰ፣ መኪናዋን አንድ ቀን ረጅም መንገድ ወስደው ያሙቋትና መልሰው ይዩ። ዘይቱ ራሱ ወተት ከመሰለ ግን አይንዱ።

ማጠብ ወይስ መቀየር?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መጀመሪያ ቫልቩ ከምን እንደተሠራ ይዩ።

ሙሉ በሙሉ ብረት ከሆነ መታጠብ ይችላል። የድሮዎቹ ኮሮላዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በላስቲክ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ ነው። በኋላ በመጡት ላይ ደግሞ ክዳኑ ላይ በጥርስ የሚታሰር ነው። የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ይነፉበታል፣ ትንሽ ያቆዩታል፣ ይነቀንቁታል፣ የሚወጣው ፈሳሽ ንጹሕ እስኪሆን ይደግሙታል፣ በአየር ያደርቁታል። ከዚያ የንፋት ምርመራውን ያደርጋሉ። ይህን ሥራ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ሲጋራ በሌለበት ያድርጉት። በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ልክ የተሠራ ነው፣ ከሰፋ አይመለስም።

እዚህ ላይ ግን የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ማጠብን እንደ ጥገና አላየውም፤ እንደ ምርመራ ነው የማየው። ታጥቦ ንፋቱን ካለፈና የመኪናዋ ሁኔታ ከተሻሻለ፣ ጥፋተኛው እሱ እንደነበር አረጋገጡ። ለጊዜው ይሠራል። ሞላው ግን ታጥቦ አይታደስም። ቫልቩ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዱ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ሰርቪስ አዲስ ማስገባት ይሻላል። መኪናዋ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ ቫልቩ ተነክቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ማጠቡ የሥራ ድግግሞሽ ነው። በቀጥታ ይቀየር።

ማጠብ የሚመረጥበት ጊዜም አለ። ዕቃው እስኪገኝ መኪናዋ መሥራት ካለባት። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆነው ትክክለኛው ቁጥር ካልተገኘ። ወይም ቫልቩ ገና አዲስ ሆኖ በቅርቡ በተበላሸ ዘይት ከተዘጋ። ከዚህ ውጭ የማጠቢያው ስፕሬይ ዋጋ ራሱ ወደ ቫልቩ ዋጋ እየተጠጋ ነው።

ፕላስቲክ ከሆነ አይጠቡት። ስፕሬዩ ፕላስቲኩን ሊያደርቀው፣ ውስጡ ያለውን ላስቲክ ሊያሳብጠው ይችላል። በሙቀት የደረቀ ፕላስቲክ ደግሞ ሲነቀል ክዳኑ ውስጥ ተሰብሮ የመቅረት ልማድ አለው።

ሦስተኛው ዓይነት ከቴስታታው ክዳን ጋር አንድ ላይ የተሠራው ነው። እንደ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ባሉ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ይበዛል። ውስጡ ስስ የላስቲክ ሽፋን አለ። ሲቀደድ ሞተሩ ያፏጫል፤ የዘይት ክዳኑም አልከፈት ብሎ ይጣበቃል፣ ስበቱ አይሎ ማለት ነው። ይህ ሲታጠብ ይብሳል እንጂ አይድንም። ምርጫው ሙሉ ክዳኑን መቀየር ወይም ላስቲኩን ብቻ መቀየር ነው። ላስቲኩን ብቻ የሚሸጡ አሉ፤ ይረክሳል። ነገር ግን ክዳኑ ራሱ ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ጋራዥ ይመለሳሉ። ክዳኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ሳያዩ ላስቲክ አይግዙ።

ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ?

ያገለገለ የሚለውን መጀመሪያ እናውጣው። ሶማሌ ተራ ለብዙ ነገር ባለውለታ ነው። በር፣ መብራት፣ መስታወት፣ ሙሉ ክዳን እንኳ ይገኛል። ያገለገለ ፒሲቪ ቫልቭ መግዛት ግን የሌላ ሰው ዝቃጭ መግዛት ነው። ከክዳኑ ጋር አንድ የሆነው ዓይነት ላይ ብቻ፣ አዲሱ ሲወደድ፣ ታይቶና ተነፍቶ ሊገዛ ይችላል።

ኮፒው ላይ ያለው ችግር መግጠሙ ነው። ጥርሱ ይገጥማል፣ ቱቦው ይገባል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። የቀዳዳው ልክና የሞላው ጥንካሬ ግን ለሌላ ሞተር የተሠራ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ሞተርና ሁለት ሊትር ሞተር እኩል አይተነፍሱም። ስለዚህ አዲስ ቫልቭ ገብቶ ሚኒሞው ከበፊቱ ከባሰ ጥርጣሬዎ መጀመሪያ ዕቃው ላይ ይሁን። የድሮው በእጅዎ ካለ መልሰው ያወዳድሩ።

ኦሪጅናሉን ለማግኘት መካኒክ በቃል ከመላክ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይሻላል። የቶዮታ የፒሲቪ ቫልቭ ቁጥሮች 12204 ብለው ይጀምራሉ፤ ተከታዩ አምስት ፊደልና ቁጥር ነው ሞተሩን የሚለየው። በመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሊያወጣው ይችላል። «የቪትዝ ስጠኝ» ማለት ግን አይበቃም። ቪትዝ ከአንድ በላይ የሞተር ዓይነት አላት።

በኮፒና በኦሪጅናል መካከል ስም ያላቸው የጃፓን መለዋወጫ አምራቾች አሉ። ዋጋቸው መካከለኛ ነው፤ በእኔ እይታ ለአብዛኛው ሰው በቂ ናቸው። ካርቶኑ ግን የዕቃው ምስክር አይደለም። ካርቶን እዚህም ይታተማል። ሱቁ ፊት ለፊት ቆመው ቢነፉት ማንም አይከለክልዎትም።

ቱቦውን አይርሱ

ብዙ ሰው ቫልቩን ቀይሮ የደረቀውን ቱቦ መልሶ ይሰካዋል። ቱቦው ሙቀት በልቶት ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ከሆነ አዲሱ ቫልቭ ምንም አይፈይድም፤ አየር ከጎን ይገባል። ሲያጥፉት የሚንኮሻኮሽ ወይም ውስጡ በዝቃጭ የጠበበ ቱቦ አብሮ ይቀየር። ቫልቩ የሚገባበት ላስቲክም እንዲሁ።

የሚቀየረው ቱቦ ዘይት የሚችል መሆን አለበት። በተራ የውኃ ጎማ የሚሠራ አለ። ዘይትና ሙቀት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ስበቱ ሲመጣ ደግሞ ራሱን አጣብቆ ይዘጋል። ውጭው ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ ተዘግቷል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ቫልቩ ላይ ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ካለ ደግሞ ነገሩ ከቫልቩ በላይ ነው። ከክዳኑ ሥር ዘይት የሚከልል ቆርቆሮ አለ፤ እሱም ሳይደፈን አይቀርም። ክዳኑ ወርዶ መታጠብ አለበት፤ ጓርኒሲዮኑም በዚያው ይቀየራል። የዘይት መቀየሪያ ጊዜዎንም ይመርምሩ። ትራፊክ ውስጥ ቆማ ስትንተፋተፍ የምትውል መኪና ኪሎ ሜትሯ ሳይቆጥር ዘይቷ ያረጃል። የራይድ ሥራ ላይ ያሉ ይህን ያውቁታል።

ነቅሎ ወደ ታች መልቀቅ

ይህን የሚመክሩ አሉ፤ ለምን እንደሚመክሩም ይገባኛል። ግፊቱ ወዲያው ይቀንሳል፣ ዘይት ማላቡ ጋብ ይላል፣ ደንበኛው ደስ ይለዋል። ግን መሳቡ ቀርቷል። ጋዙ ራሱ በግፊት ካልወጣ ሌላ የሚያወጣው የለም፤ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ማኒፎልዱ ላይ የቀረው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ አየር ይገባል። ክፍት የቀረው ቱቦ ደግሞ ሞተሩ ሲበርድ አቧራ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። የጭሱ ሽታ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ተሳፋሪው መግባቱም አይቀርም። ያረጀ ሞተር ላይ ለመሸጥ ሲባል የሚደረግበትም ጊዜ አለ። መኪና ሊገዙ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው ይህ ቱቦ የት እንደሚሄድ ይከተሉት። ተነቅሎ ካገኙት ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ኮምፕረሽን ይለካ።

ቶዮታ ዋንዜድዜድ (1ZZ) ሞተር ያላት ኮሮላ ወይም አቬንሲስ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው የፒስተኑና የዘይት ፋሻው አሠራር ነው፤ ዘይት የሚመለስበት ቀዳዳ በካርቦን ይደፈናል። ፒሲቪውን መቀየር አይጎዳም፣ ተአምር ግን አይጠብቁ።

በናፍጣ የሚሠራ መኪና ላይ ይህ ሁሉ በቀጥታ አይሠራም። አብዛኞቹ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች ማኒፎልዳቸው እንደ ቤንዚኑ አይስብም፤ ያላቸው መተንፈሻ ቱቦ ወይም ዘይት የሚለይ ጣሳ ነው። የጣትና የወረቀት ምርመራው ያሳስታል። እነሱ ላይ የሚታየው ቱቦውና ጣሳው መዘጋቱ ነው፤ ከቱቦው እንደ ሎኮሞቲቭ የሚወጣ ጭስ ካለም ፋሻው።

ቫልቩን ከቀየሩ በኋላ የዘይቱን መጠን በዲፕስቲክ ለክተው ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። ጥርስ ያለው ከሆነ ክዳኑ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ መሆኑን አይርሱ፤ በጉልበት ከታሰረ ጥርሱ ይበላል። ሚኒሞው በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢዋዥቅ ኮምፒውተሩ እየተስተካከለ ነው። አሮጌው ዘይት ማላብ ግን ወዲያው አይቆምም። ሞተሩን ከውጭ ያጥቡት፣ ከዚያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰው ይዩት። ያላበው ቦታ ደርቆ ካገኙት ፓራዮሊዮ መቀየር አያስፈልግዎትም። እንደገና ከረጠበ ግፊቱ ቀድሞ ፓራዮሊዮውን ጎድቶታልና እሱም ይቀየራል።